የማይተዋወቁ ቃላት

የአባቴን ላፕቶፕ የቆለፍሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እሱን እየረገምሁ ትንሽ እፎይ እል ነበር። ግን እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ከዚህ በኋላ ማንም አይከፍተውም» ብዬ። እውነቴን ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ማንም አልከፈተውም።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣና ዳር ደብሮች ሲያገለግሉና ሲያስተምሩ ኖረው፣ እግራቸው ሲደክም ከእናቴ ጋር ባሕር ዳር ጫፍ ዘንዘልማ እኔ ቤት ገቡ። እኔ ከተማ ውስጥ ባንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። በየጠዋቱ ከታጨደ ማሳና ገና ካላለቀ ፎቅ መሐል ሚኒባስ ስጠብቅ በረንዳው ላይ ሆነው ያዩኛል። ሁለታችንም አስተማሪዎች ነን፤ እሳቸው ግን የእኔን ማስተማር ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር። «ተማሪዎችሽ በቃላቸው ምን ይዘው ይሄዳሉ?» ይሉኛል። «ምንም። ማሽኑ ይይዝላቸዋል» ስላቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

የአባቴ መምህር ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እኚያ ሰው በየበዓሉ የተናገሯቸው ቅኔዎች በብራና አልሰፈሩም፣ በመጽሐፍ አልታተሙም። የነበሩት ተማሪዎቻቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ አንድ ባንድ አለቁና አባቴ ብቻ ቀሩ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከነዚያ ቅኔዎች አንዱን ሲሉልን አምስተኛው ቤት፣ አምስተኛው ስንኝ ላይ ቀጥ አሉ። ጣሪያውን አዩ። አልመጣም። እናቴ ወጥ ጨመረችላቸው፤ እኔ ሌላ ወሬ አነሣሁ። ምሳው ሲያበቃ ተከትለውኝ ወደ ክፍሌ መጡና «ያ ማሽንሽ እውነት ይይዛል?» አሉኝ።

የማልጠቀምበት አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ሰጠኋቸው። በሁለት ጣት እየለቀሙ መጻፍ ለመዱ። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው፤ ግን የመምህራቸውን ቅኔ፣ በየትኛው በዓል እንደተነገረና ማን ማን ቆሞ እንደሰማ ጭምር፣ ጽፈው ጨረሱ። ያች አምስተኛ ቤት እንኳ አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ መጣችላቸው፤ ሳሙናው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ገብተው ጻፏት። ያን ቀን እንደ እሳቸው የተደሰተ ሰው በባሕር ዳር አልነበረም።

የቁልፉ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው በንግሥ በዓል ላይ ተነሥቶ ከአባቴ የሰማውን የመምህራቸውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ተናገረው። ሕዝቡ እልል አለ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙና አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ቤት መጡ። «ቆልፊልኝ» አሉኝ፤ «ቅጂም አይኑር። ቅጂ እግር አለው።»

የመጀመሪያውን የይለፍ ቃል ራሳቸው መረጡ። በጆሮዬ ሹክ አሉኝ፤ የመዝሙረ ዳዊት መነሻ ነበር፣ «ብፁዕ ብእሲ»። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «አባባ፣ ከዚህ እስከ ሐሙሲት ይኼን የማይገምት ቄስ አለ?» አልኋቸው። ትንሽ ከፋቸው። ቀጥሎ የደብራቸውን ታቦት ስም ከእኔ የልደት ዓመት ጋር አደረጉት። ያም ያው ነው፤ እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ባንድ ከሰዓት ይደርስበታል። እኔም ለተማሪዎቼ የማስተምረውን አመጣሁባቸው። ጠንካራ የይለፍ ቃል ከልብ አይወጣም፤ ከልብ የወጣውን ልብ የሚያውቅ ሁሉ ይደርስበታል። ቃሉን ዕጣ ሊያወጣው ይገባል።

ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ፈለግንና ሦስት መቶ ቁራጭ ወረቀት ቆረጥሁ። በየወረቀቱ ላይ አንድ አንድ ቃል። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የቃል ድህነት ግን የለባትም፤ ግማሹን ያዋጣችው እሷ ናት። ሰፌድ፣ ወንፊት፣ በርበሬ፣ ማበጠሪያ ትላለች። አባቴ ደወል፣ ሻማ፣ ታንኳ ይላሉ። እኔ ባጃጅ፣ ቀበሌ፣ ድልድይ እላለሁ። ከሰዓቱን ሙሉ በረንዳው ላይ ስንሳሳቅ ዋልን። እንዲያ ሦስታችን ባንድ ሥራ ላይ ተቀምጠን የዋልንበት ቀን ብዙ አላስታውስም።

«አሁን ዓይንዎን ጨፍነው ስድስት ያውጡ» አልኋቸው።

ጉማሬ፣ ማበጠሪያ፣ ቆርቆሮ፣ ሎሚ፣ ቀበሌ፣ ሰፌድ ወጣ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና ወዲያው ጣታቸው ቦታ ያቀያይር ጀመር፤ ሎሚን ወደ ፊት፣ ጉማሬን ወደ ኋላ።

«አይንኩት» አልሁ። «እንደ ወጣው ነው የሚሆነው።»

«እነዚህ ቃላት እኮ አይተዋወቁም» አሉ፤ እንግዶች ሳላስተዋውቅ አጉሬ ያስቀመጥሁ ይመስል።

«ለዚያ ነው የሚጠብቁልዎት። እርስዎ ያስተዋወቋቸውን ቃላት ሌላ የቅኔ ሰው ይደርስባቸዋል። እነዚህን ግን ያገናኛቸው ማንም የለም።»

«እንዴት ይታወሳሉ ታዲያ?»

«ሥዕል ይሣሉባቸው። የማይሆን ሥዕል።»

ወረቀቶቹን አንድ ባንድ በጣታቸው እየነኩ እንዲህ አሉ፤ «ጉማሬ ጠጉሩን በማበጠሪያ አበጥሮ፣ ከቆርቆሮ ቤቱ ወጣና፣ ሎሚ ይዞ ቀበሌ ሄደ፣ ሰፌድ ይሰጡኝ ብሎ።» እናቴ በሳቅ እንባዋ መጣ። ያን ጉማሬ አባቴ እንደማይረሱት በዚያው ቅጽበት አወቅሁ። ራሴን ግን አላመንሁም፤ ስድስቱን ቃላት ጽፌ በፖስታ አሽጌ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁ። ወረቀቶቹን ወደ ጣሳው መልሰው እንዲያናውጡት ነገርኋቸው። ሰው ያየባቸው እንደሆነ የይለፍ ቃሉን እንዴት እንደሚቀይሩም አሳየኋቸው። አጥብቄ፣ ደጋግሜ፣ እስኪያውቁት ድረስ አሳየኋቸው። ያን ያህል ጎበዝ አስተማሪ ባልሆን ምን ነበረበት።

ከዚያ አንድ ጠዋት እናቴ ደወለችልኝ። ክፍል ውስጥ ነበርሁ። አባቴ ከአልጋቸው ሲነሡ ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ወድቀዋል። ሆስፒታል ስደርስ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ዓይናቸው ግን ያው ዓይን ነው፤ ያውቀኛል። «ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል» ተባልሁ። ያን ሰሞን ላፕቶፕ የሚባል ነገር ትዝ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። በሕይወት ይቆዩልኝ እንጂ ሌላ አልለምንም ነበር።

ቆዩልኝም፤ ቀኝ ጎናቸውና ንግግራቸው ግን አልተመለሱም። ቤት ከተመለሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ። ደግሞ ቢያገረሽባቸው ብዬ ሥራቸውን ላትመው አሰብሁ። ፖስታውን ከቢሮ አመጣሁ፤ ጉማሬ፣ ማበጠሪያ፣ ቆርቆሮ እያልሁ ጻፍሁ። አልከፈተም። ቀስ ብዬ ደግሜ ጻፍሁ። አልከፈተም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ያንን እኮ ድሮ ቀይረውታል» አለችኝ፤ የታወቀ ነገር እንደሚናገር ሰው። «ሰኞ ሰኞ ጣሳውን ያናውጡ አልነበር? ወረቀቶቹን አውጥተው አይተው፣ መልሰው ይከቷቸዋል።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«ያዘዝሻቸው አንቺ መስለሽኝ። እኔማ ጠይቄያቸው ነበር። ‹አንድ ጊዜ የተናገርሁትን ደግሜ ብናገር ምን ይሉኛል?› ነበር መልሳቸው።»

ይኼ የሚገባው ቅኔ ቤት ደጅ ያደገ ሰው ነው። የቅኔ መምህር ለየበዓሉ አዲስ ይናገራል። የመምህሩን ቅኔ በክብር ያስታውሳል፤ የራሱን ትናንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግም ግን ምንጩ ደረቀ ይባላል፤ ነውር ነው። አባቴ የይለፍ ቃልንም እንደዚያው ቆጠሩት። ጉማሬውን አንዴ ተናገሩት፤ አበቃ። በየሳምንቱ ስድስት አዲስ ቃል፣ በየሳምንቱ አዲስ ሥዕል፣ አንድም ጊዜ ሳይጽፉ በጭንቅላታቸው ብቻ። ጣሳውን ገልብጬ ወረቀቶቹን ቆጠርሁ። ሦስት መቶውም አሉ። ወደ ጣሳው ይመልሷቸው ብዬ የለ።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ነገር አለ። «ከሦስት መቶ ቃል ስድስቱን ዕጣ ካወጣችሁ፣ ሌባው ዕድሜ ልኩን ተቀምጦ ቢሞክር አይደርስበትም።» አሁን ያ ሌባ እኔ ነኝ። የሥራ ባልደረባዬን አማከርሁት፤ «ዲስኩ ራሱ ተመስጥሯል፤ ነቅለን ብናወጣውም አይነበብም። ቅጂ የለሽም?» አለኝ። እኔ በየዓመቱ ትምህርት የምጀምረው «ቅጂ ያዙ» በሚል ነው።

አባቴ ዝምታቸውን የሰበሩት አንድ ቁርስ ላይ ነው። ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ ጥርት አድርገው፣ «ድልድይ» አሉ።

እናቴ ተነሥታ እጃቸውን ሳመች። እኔ ወደ ጣሳው ሮጥሁ። ድልድይ አለ። ከሰዓት በኋላ «በርበሬ» አሉ። እሱም አለ። በማግሥቱ «ሚስማር»። እሱም አለ። ደብተር ገዝቼ የሚሉትን ሁሉ መጻፍ ጀመርሁ።

የንግግር ሕክምና የምትሰጣቸው ሴት ደብተሩን ስታይ አዘነችልኝ። «ቃላቱ አልጠፉባቸውም። መንገዱ ነው የተበላሸው። አንዱን ሲፈልጉ ሌላው ይመጣባቸዋል። ጨው ሊሉ ፈልገው ድልድይ ይላሉ። ምን እንዳሉ ሳይሆን ምን እንደፈለጉ ብታይ ይሻልሻል» አለችኝ። ገብቶኛል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አልገባኝም ነበር። በጣሳው ውስጥ ያሉት የቤታችን ቃላት ናቸው፤ አባቴ ምንም ቢናገሩ ከሁለት አንዱ እዚያ ውስጥ መገኘቱ አይቀርም። ይኼን አስልቼ ላውቀው የምችል ሰው ነኝ። ግን ማስላት አልፈለግሁም።

ባሰብኝ። ሦስት መቶውን ወረቀት ፊታቸው ዘረጋሁና «የመጨረሻዎቹን ያሳዩኝ» አልኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ በግራ እጃቸው አንድ አነሡና ሰጡኝ፤ ሌላ አነሡና ሰጡኝ፤ ስድስት ሆነ። ጻፍሁት። አልከፈተም። ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ማሽኑ ያስጠብቃል፤ ጠበቅሁና አገላብጬ ሞከርሁ። አልከፈተም። በሌላ ቀን እንደገና ስዘረጋው በዚያች በግራ እጃቸው ሁሉንም ከጠረጴዛው ላይ ጠረጉት። እኔም ተቆጣኋቸው። አባቴን። «ለምን ቀየሩት? ማን ቀይሩ አለዎት?» ብዬ ጮህሁባቸው። እሳቸው አቀረቀሩ። እናቴ ተንበርክካ ወረቀቶቹን አንድ ባንድ ከወለሉ ለቀመች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። እስከ ዛሬ ያን ሳስታውስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። አባቴ ዳዊት ይደግማሉ። ጨው ማለት ያቃታቸው ሰው በየጠዋቱ «ብፁዕ ብእሲ» ብለው ይጀምሩና አንድ ቃል ሳይስቱ በግእዝ ይወርዱታል። ሐኪሟ «እንዲህ ይሆናል፣ ከልጅነት የተደጋገመ ነገር በሌላ መንገድ ይመጣል» አለችኝ። ተስፋ አድርጌ የመምህራቸውን ቅኔ አስጀመርኋቸው። የመጀመሪያውን ቤት አሉት፤ እኔም እየጻፍሁ ነበር። ሁለተኛው ላይ «ቀበሌ» አሉ፤ «ሚስማር፣ ቀበሌ» አሉና አለቀሱ። ያ የሳቅሁበት የመጀመሪያው የይለፍ ቃላቸው ግን ይኸው በየጠዋቱ ከአፋቸው ይወጣል። ብተወው ኖሮ ዛሬ ማሽኑ ይከፈት ነበር። ቄስ ሁሉ ይገምተዋል ብዬ ነጠቅኋቸው።

ላፕቶፑን ከእጄ መለየት ተውሁ። ሥራ ስሄድ በቦርሳዬ፣ ገበያ ስሄድ በቦርሳዬ። እናቴ «ታመሻል» ትለኛለች። እኔ ግን ትክክለኛዎቹ ስድስት ቃላት አንድ ቀን ተከታትለው እንደሚመጡ፣ ያን ጊዜ አጠገባቸው ካልሆንሁ እንደሚያመልጡኝ እርግጠኛ ነበርሁ።

አንድ በዓል ቀን ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ወደ ሐይቁ ወሰድናቸው። ውሃ ካዩ ቆይተው ነበር። ዊልቸሩን ከአንድ የሾላ ጥላ ሥር አቆምሁት። ከገዳማቱ የሚመለሱ ጀልባዎች ሰው ያወርዳሉ፤ ነጭ የለበሱ ቀሳውስትና ምእመናን በፊታችን ያልፋሉ። እናቴ ከጀልባ የወረደች የድሮ ጎረቤቷን አግኝታ ትንሽ ራቅ ብላ ሣር ላይ ተቀምጣለች። እኔ ከአባቴ ኋላ አግዳሚው ወንበር ላይ ነኝ፤ ደብተሬና ላፕቶፔ ጭኔ ላይ። ከሰዓት በኋላ ከውሃው የሚነሣው ነፋስ ጀምሮ ነበር።

«ደወል» አሉ አባቴ።

ጻፍሁ።

«በርበሬ።» ትንሽ ቆይተው «መሰላል።» ድምፃቸው ከወትሮው ይልቅ ጠንከር ያለ ነው። «ታንኳ።» «ሻማ።» አምስት ሆነ። «ወንፊት።»

ስድስት። ሁሉም በጣሳው ውስጥ አሉ፤ ሁሉንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። እንዲህ ተከታትለው መጥተው አያውቁም። ላፕቶፑን ከፈትሁና እንደ ወጡት ጻፍኋቸው። አልከፈተም። ምናልባት ቅደም ተከተሉ ተዛብቶባቸው ይሆናል ብዬ ታንኳን ወደ ፊት አመጣሁ። አልከፈተም። ስድስት ቃል ሰባት መቶ ሃያ ዓይነት ይደረደራል፤ ሰባት መቶ ሃያ ማለት ለእኔ ያን ሰዓት ምንም አልነበረም። ማሽኑ ጠብቂ ሲለኝ የሚቀጥሉትን ተራ በተራ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አባቴ ከዚያ በኋላ ምንም አላሉም፤ እኔም ቀና አላልሁም። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።

ቀና ያልሁት የእናቴን ጥላ ደብተሬ ላይ ሳይ ነው። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ እየሮጠች ወደ አባቴ ታልፋለች።

ነፋሱ የአባቴን ጥምጥም ፈትቶታል። ጫፉ ከዊልቸሩ ጎማ ሥር አፈር ላይ ተዘርግቷል፤ የቀረው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ራሳቸው ገላጣ ነው። ቄሶቹ፣ አንዳንዶቹ እሳቸው ራሳቸው ያስተማሯቸው፣ በፊታቸው ሲያልፉ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው ያልፋሉ። አፍረውባቸው አይደለም፤ እንዳያሳፍሯቸው ብለው ነው። እኔ ልጃቸው የአባቴን ራስ ያለ ጥምጥም ከቤት ውጭ አይቼው አላውቅም። በግራ እጃቸው ራሳቸውን ለመሸፈን ይሞክራሉ፤ እጁ አይበቃም።

እናቴ አፈሩን አራግፋ ጨርቁን መጠቅለል ጀመረች። እየጠቀለለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ብቻ ተናገረች።

«ስድስት ጊዜ ጠሩሽ። እዚያ ማዶ ተቀምጨ እንኳ ሰማሁ። ስምሽን እየፈለጉ ነበር እኮ፣ ልጄ። ስምሽ ጠፍቶባቸው ያገኙትን ሁሉ ሲሉ፣ አንቺ ወዴት ነበርሽ?»

ደብተሬ ላይ ደወል፣ በርበሬ፣ መሰላል፣ ታንኳ፣ ሻማ፣ ወንፊት ተጽፏል። ላፕቶፑን ሣሩ ላይ ጣልሁትና ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

«አቤት፣ አባባ» አልኋቸው። «አቤት።»

ያን ጊዜ ግን መጥራቱን ትተውት ነበር። ውሃውን ያያሉ።